አምስተኛው አንጓ

ዳሶም በባቡር ሐዲዱ ድልድይ ሥር አልፋ ወደ ጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ለመድረስ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። የራሷ ትምህርት ቤት፣ ኮረብታው ላይ ያለው የሴቶች ዩኒቨርሲቲ፣ የሕዝብ ዜማ የሚያስተምር ሰው አልነበረውም። ከሐዲዱ ማዶ ግን ፕሮፌሰር ኦክ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መቅረጫ ተሸክመው ደሴት ለደሴት ሲዞሩ ፀጉራቸው ነጥቷል፤ በዚያ ክረምትም ጡረታ ይወጣሉ ተብሏል። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንዱ የሌላውን ተማሪ ይቀበላሉ። ዳሶም ከወዲህም ከወዲያም ፊርማ ለማሰባሰብ አራት ቀን ተመላለሰች። በመጨረሻ ስሟ ከመዝገቡ ግርጌ፣ ከሁሉም በታች፣ የትምህርት ቤቷ ስም በቅንፍ ተለጥፎበት ሰፈረ።

እንግዳ ተማሪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የገባት ከዚያ በኋላ ነው። መታወቂያዋ የማዶውን ቤተ መጻሕፍት በር አይከፍትም። የክፍሉ ልጆች በስልክ የሚነጋገሩበት ቡድንም የትምህርት ክፍሉ ብቻ ነው፤ የውጭ ሰው አይገባበትም። የመጀመሪያውን ሐሙስ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ደብተሯን ታቅፋ ተቀመጠች።

«አንቺ፣ እዚያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እዚህ!» አለቻት አንዲት ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ልጅ። «ከማዶ የመጣሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ ይቅርታ…»

«ይቅርታው ለምኑ ነው? ሐዲድ መሻገር ኃጢአት ሆነ እንዴ?»

ሃረም ትባላለች። ዕድሜ ተጠያየቁ፤ ሃረም በአንድ ዓመት ትበልጣለች። «በቃ፣ ታላቅሽ ነኝ፤ ኦኒ በይኝ» አለቻት። ታላቅ እህት የምትጠራው እንዲህ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤተ መጻሕፍቱ በር በሃረም መታወቂያ ለሁለቱም ተከፈተ። የቡድኑ ወሬም በሃረም በኩል ለዳሶም ደረሰ፦ የትኛው ጽሑፍ እንደሚነበብ፣ የትኛው ክፍል እንደተቀየረ። «አንቺ ዝም ብለሽ ተማሪ፤ ጆሮሽ እኔ ነኝ» ትላት ነበር። ዳሶም ወንድም እህት የላትም። ማታ ስትጸልይ ከእናቷ ስም ቀጥላ የሃረምን ስም መጥራት ጀመረች።

ነገሩ የመጣው ከጉዞው ጋር ነው። ፕሮፌሰሩ በሐምሌ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ደቡብ ደሴቶች ይሄዳሉ፤ ሁለት ተማሪ ይወስዳሉ፤ የሚመርጡትም በመጨረሻው የክፍል ገለጻ ነው። ከሚሄዱባቸው ደሴቶች አንዷ ዳሶም የተወለደችባት ነበረች። እዚያ የአያቷ እህት፣ እማማ ማልሱን፣ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው አሉ፤ በወጣትነታቸው የባሕር አረም ከሚጭኑት ቀዛፊ ሴቶች አንዷ ነበሩ። ዳሶም ለኮርሱ ስትመዘገብ እናቷ «ዘፈንማ እዚሁ በነጻ አለ፤ ለዚህ ነው ሴኡል የላክንሽ?» ብላታለች። ልጅቷ ግን አንድ ነገር ብቻ ትመኝ ነበር፦ እጇ እስኪሰነጣጠቅ አረም ወዳጠበችበት የባሕር ዳር፣ መቅረጫ ይዛ፣ ከፕሮፌሰሩ ጎን፣ የማልሱንን ዜማ ልትሰማ መመለስ።

ባለፈው በዓል በስልኳ የቀዳችውን ለሃረም አሰማቻት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጆሮ ማዳመጫውን አንድ አንድ ተካፈሉ። ዜማው አምስት አንጓ ነው። አራቱ የመቅዘፊያ ናቸው፣ ትንፋሽ የሚያስተካክሉ። አምስተኛው ላይ የአሮጊቷ ድምፅ ይወርዳል፦

አብራኝ የቀዘፈች ከዳር ላይ ወረደች፣
የሁለት ሰው ጀልባ ለእኔ ጥላ ሄደች።

ሃረም ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይሄን ይዘሽ ማን ይችልሻል?»

«ሁለት ቦታ ነው እኮ ኦኒ። አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የኔ።»

«አንዱንማ ተጠሪያችን ፒልግዩ ገና ድሮ በልቶታል። አባቱ ከበሮ መቺ፣ አያቱ ከበሮ መቺ፣ ድመቱም ሳትመታ አትቀርም!» ሳቁ። ሃረም የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች። የቀረው አንድ ቦታ መሆኑ በዚያች ቅጽበት ለሁለቱም ገባቸው፤ ሳትናገር ሆዷ ያስገባችው ግን አንደኛዋ ነበረች።

ገለጻው ሐሙስ ነው ተብሎ ነበር። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለች ጠባብ ምግብ ቤት ገብተው ቀዩን፣ የሚያቃጥለውን የሩዝ ሊጥ ወጥ አዘዙ። ሁለት እንቁላል አለው፤ አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። እየበሉ ሳለ የሃረም ስልክ ጮኸ። ጣቷን በወረቀት ጠርጋ አንድ ሁለት ቃል ጻፈችና ስልኩን በግንባሩ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ማነው?»

«እናቴ ናት። በልተሻል ወይ ትላለች» አለችና የራሷን እንቁላል በማንኪያ ወደ ዳሶም ገፋችላት። «ብይ፤ ከስተሻል።»

ዳሶም በላች።

ሐሙስ ዝናብ ነበር። ዳሶም ስድስት ቅጂ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ቀድማ ደረሰች። ክፍሉ ጨለማ ነው። መብራት አብርታ ሰሌዳውን ጠረገች፤ ወረቀቶቹን በየጠረጴዛው አኖረች። ሰዓቱ አለፈ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና የክፍሉ ተጠሪ ፒልግዩ ጭንቅላቱን አስገባ።

«ጃንጥላዬን ረስቼ… አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ገለጻው…»

«የማክሰኞው ገለጻ? ፕሮፌሰሩ ለቀዶ ጥገና ሊተኙ ነው ተብሎ ማክሰኞ ሆነ እኮ! ፈልገን አጣንሽ። አቋረጠች ብለን…» ፊቷን ሲያይ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ተነግሮሽ የለ እንዴ? ይኸው።» ስልኩን ሰጣት።

እሱ ጽፏል፦ «ገለጻው ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል። ለእንግዳዋ ማን ይነግራታል?» ከሥሩ ሃረም መልሳለች፦ «ነግሬያታለሁ፤ እሺ ብላለች።» ከጎኑ የምትስቅ ጥንቸል ሥዕል አለ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ።

ዳሶም ሰዓቱን ደጋግማ አየችው። የወጡ ማቃጠል፣ የተገለበጠው ስልክ፣ የተገፋላት እንቁላል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ትሰማ ነበር፤ ፈረሱ እየጣለ ያጎርሳል ያላት ሰው ግን የለም።

«ማን ተመረጠ?» አለች።

ፒልግዩ አቀርቅሮ ጃንጥላውን አገላበጠ። «እኔና… ሃረም።»

ለትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፈች። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፤ የተጓዦቹ ስም ተልኳል፣ በገለጻው ያልተገኘ ነጥብ የለውም። የማንንም ስም አላነሣችም ነበር። ሃረምን ያገኘቻት ድልድዩ ሥር ነው። በላያቸው ባቡር እያለፈ ስለነበር እስኪያልፍ ተፋጠው ቆሙ።

«ረሳሁት» አለች ሃረም።

«ረስተሽ ነው ‹ነግሬያታለሁ› ያልሽው?»

«ማታ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ነገ አልኩ። ከዚያ…» ድምፅዋ ከፍ አለ። «አንቺ ምን አለብሽ? ደሴቱ ያንቺ፣ ዘፈኑ ያንቺ፣ አሮጊቷ ያንቺ! በፈለግሽ ቀን በጀልባ ትሄጃለሽ። እኔ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያደግሁ ልጅ ማንን ልቅዳ? ሊፍቱን?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዳሶም ትስቅ ነበር።

«ብትነግሪኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «‹ቦታውን ተዪልኝ› ብትይኝ እተውልሽ ነበር እኮ፣ ኦኒ።»

«ውሸት።»

 እውነት ይሁን ውሸት ዳሶም ራሷም አታውቀውም ነበር፤ አሁን ደግሞ የምታውቅበት መንገድ የለም። ወደ ኮረብታዋ ተመለሰች። ለመጨረሻ ጊዜ ኦኒ ያለቻት ያን ጊዜ ነው።

ሐምሌ ገብቶ፣ ዳሶም በትምህርት ቤቷ ምግብ ቤት ሳህን እያደረቀች ሳለ ስልኳ ጠራ። እማማ ማልሱን ነበሩ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ስልኩን ድምፁን ለቀው መሬት ላይ አስቀምጠው ነው የሚያወሩት፤ አጠገባቸው ያለ ሁሉ ይሰማል።

«ዳሶም! ሰዎች መጥተዋል ከሴኡል፣ አንድ ሽማግሌና ሁለት ልጆች። ለማላውቀው ሰው አልዘፍንም ብል ልጅቷ ‹የዳሶም ጓደኛ ነኝ› አለችኝ። ጓደኛሽ ናት?»

ከስልኩ ውስጥ የባሕሩ ወፎች ይጮኻሉ። ዳሶም ሳህኑን አስቀመጠች። ምላሷ ላይ የመጣውን ነገር እዚያ ያሉት አራቱም ይሰሙታል። እግዚአብሔር ለአፏ ጠባቂ እንዲያኖርላት ለመነች።

«ይዝፈኑላት፣ እማማ።»

«ጓደኛሽ ናት ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ይዝፈኑላት ነው ያልኩዎት።»

 አሮጊቷ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው ሲያዳምጡ የኖሩ ናቸው፤ የጎደለውን ቃል ቆጠሩት። «እሺ» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ ጀመሩ። የመጀመሪያው አንጓ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። መዳፋቸው ወለሉን እንደ መቅዘፊያ ይመታል። ዳሶም እርጥብ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ቆማ ሰማች፤ የሌላ ሰው መቅረጫ ውስጥ የሚገባውን ዜማዋን። አራተኛው አለቀ። መዳፉ ቆመ።

«አበቃ» አሉ እማማ ማልሱን።

ፕሮፌሰሩ አመሰገኑ። ቀጥሎ የሃረም ድምፅ መጣ፣ የለመደችው፣ ቀልጠፍ ያለው፦ «እማማ፣ አምስተኛውስ?»

«አምስተኛ?» አሉ አሮጊቷ። «አምስተኛ እንዳለው ማን ነገረሽ፣ ልጄ?»

ወፎቹ ብቻ ይሰማሉ። ፒልግዩ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። መቅረጫው ገና እየቀዳ ነው። ዳሶም ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ ሃረም ‹ዳሶም ናት› እስክትል ጠበቀች።