ሁለት መቶ ሦስት ያልተነበቡ ደብዳቤዎች

ጠጋኙ የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ፈትቶ አቧራውን በብሩሽ ሲያራግፍ፣ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ ዓይኗን ከእጁ ላይ አትነቅልም ነበር። የፈራችው ኮምፒውተሩ እንዳይሞት አልነበረም። ሰውየው ኢሜይሏን ከፍቶ ያንን ቁጥር እንዳያይባት ነው።

ሰፈሩ ጠጋኙን «ብሎኔ» ይለዋል፤ የፈታውን ዕቃ ሲገጥም አንድ ብሎን ሳይተርፈው ቀርቶ አያውቅምና።

«እትዬ፣ ዲስኩ አርጅቷል። ደብዳቤዎቹን ወደ አዲሱ እናሻግራቸው» አለና ኢሜይሉን ከፈተ። ፉጨቱን አቆመ። «ሁለት መቶ ሦስት ያልተነበበ። ኧረ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ማስታወቂያ ነው?»

«የልጄ ነው» አለች፣ የታጠፈውን ጨርቅ መልሳ እያጠፈች።

ልጇ ሩቅ ከተማ ነርስ ናት። በስልክ ከሰላምታ ብዙም አታልፍም፤ የሆዷን የምታወጣው በጽሑፍ ነው። እናቷ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ስትለይ፣ ኮምፒውተሩን የላከችላትም ኢሜይሉን የከፈተችላትም እሷ ናት። «ከእንግዲህ ማንም አያነብልሽም፤ ወሬው የኔና ያንቺ ብቻ ነው» ብላት ነበር።

እናትየው ግን አንድ ደብዳቤ ለመጨረስ ሳምንት ይፈጅባታል። ልጅቷ ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ትጽፋለች። መምህሯ «ገጽ አይዘለልም» ስላሏት፣ እንደ መማሪያ መጽሐፉ ከአሮጌው ጀምራ በተራ ነው የምታነበው። ከጀመረች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የደረሰችው ገና የዛሬ ዓመት ተኩል የተጻፈው ላይ ነው። አዲስ በመጣ ቁጥር ታዲያ ሳትከፍተው በቃሏ የያዘቻትን ትልካለች፦ «ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል። በርቺ ልጄ።» ልጅቷ በስልክ «ራስሽ ነሽ ያነበብሽው?» ስትላት፣ «ታዲያ ማን ያንብብልኝ?» ትላለች። ይቺማ ውሸት አይደለችም እያለች ራሷን ስታባብል ኖራለች።

«አንድ ነገር ይምረጡልኝ» አለ ብሎኔ። «እስካሁን ደብዳቤው ሲመጣ ከሰርቨሩ፣ ከኢሜይል ድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ይነሳና እዚህ ማሽን ላይ ብቻ ይቀመጣል። ማሽኑ ከሞተ አብሮ ይሞታል። በሌላኛው መንገድ ግን ዋናው ሰርቨሩ ላይ ይኖራል፣ እዚህ ቅጂው ይቀመጣል። ይሄ ቢሰበር እንኳ ምንም አይጠፋም። ብቻ ያነበቡትና ያላነበቡት ምልክቱ የትም ቢከፈት ያው ነው፤ አብሮ ይታያል።»

«ልጄም ብትከፍተው?»

«የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለች?»

«ያወጣችው እሷ ናት። ሲጠፋብኝ እየገባች ታስተካክልልኛለች።»

«እንግዲያው ታየዋለች።»

«እንደ ድሮው ይሁን» አለች ቶሎ ብላ።

«እንዳሉ። ኋላ ዲስኩ ሲሄድ ግን የብሎኔ ሥራ ነው እንዳይሉኝ።» ሲሻገር ፊደሉ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት ከመሃል አንዱን ደብዳቤ ከፈተ። «ይነበባል፣ እትዬ?»

ጠጋ ብላ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ቃሉን በቃል እየገፋች ሄደች።

«እማዬ፣ ያልኩሽ ልጅ አልቆየም። በአራተኛ ወሩ ወረደብኝ። ከባሌ በቀር የሚያውቅ የለም። አንቺ እወቂልኝ።»

የተጻፈው የዛሬ ሰባት ወር ነው። ልጇ ማርገዟንም አልሰማችም ነበር፤ እሱም ካልተከፈቱት በአንዱ ውስጥ ነው።

«ለዚህ የመለስኩትን አውጣልኝ» አለች፣ ምን እንደሆነ እያወቀችው።

ብሎኔ ከተላኩት ውስጥ ፈልጎ አወጣው። ይህን ለማንበብ ጣቷ አላስፈለጋትም። ደስ ብሎኛል። በርቺ ልጄ።

ከዚያ ወዲህ የልጇ ስልክ አጥሮ ነበር፤ ደብዳቤዋም ሳስቶ ነበር። እሷ ግን «ሥራ በዝቶባት ነው» እያለች ለጎረቤት ስታወራ፣ እንዲያውም የሚነበበው ስላልተከመረብኝ እፎይታ አገኘሁ ብላ በልቧ ስትደሰት ነው የከረመችው። ይህ ትዝ ሲላት ቀና ብላ ሰው ማየት አቃታት።

ብሎኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ብሎን የሚፈልግ መሰለ። ቆይቶ እዚያው ሆኖ፣ «እትዬ፣ ሁሉንም የተነበበ ማስባል ይቻላል እኮ። አንዴ ጠቅ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ላይ ብናደርገውም ማንም አያውቅም» አለ።

ማውሱን አየችው። አንዴ ጠቅ። ሁለት መቶ ሦስት ደብዳቤ ያነበበች እናት ትሆናለች፤ ሁሉንም አንብባ፣ የልጇን ሐዘን ሰምታ፣ ደስ ብሎኛል ያለች እናት።

«ተው» አለች። «ሰርቨሩ ላይ አድርገው።»

«ከነምልክቱ?»

«ከነምልክቱ። ትየው።»

ደብዳቤዎቹ አንድ በአንድ መጫን ጀመሩ። ብሎኔ ሳጥኑን ገጠመ፤ የተረፈችውን ብሎን ኪሱ ከተተ። እሷ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበችና በአንድ ጣቷ መጻፍ ያዘች። ቀና ስትል እጇ ለምዶባት «ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል» ብሎ ጽፏል።

ከመጨረሻው ጀምራ ፊደል በፊደል አጠፋችው። ከዚያ «ልጄ፣ ዛሬ ነው ያነበብኩት» ብላ ጻፈች።

«ልሂድ፣ እትዬ?» አለ ብሎኔ ከበሩ ላይ።

«ሂድ። እኔ ገና ነኝ» አለች፤ የሚቀጥለውን ቃል በጣቷ እየፈለገች።