አንድ ወንበር እየዘለሉ

«ወንበሩን አታቀራርቡት አላልኩም?»

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲዘግኑ የነበሩ እጆች ባሉበት ቀሩ። ድርቤ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ተነሥታ፣ ጥቁር ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ የእድሩን አግዳሚ በአንድ ጫፉ ይዛ ትጎትታለች። አግዳሚውን ያስጠጉት ሁለት ጎረቤቶች ተያዩ።

«ሐዘኑ ነው» አለች አንደኛዋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ባሏን ትናንት ቀብራ ዛሬ ወንበር ትለካለች» አለች ሁለተኛዋ፤ የእሷ ድምፅ ብዙም ዝቅ አላለም።

ድርቤ ሰማች። ሐዘኑ ራሷን እንዳላሳታት ግን ታውቃለች። ከጠዋት ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ አራት ሰው አስሏል። በር አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ሁለቴ እጃቸው ላይ አስለው፣ በዚያው እጃቸው የሦስት ሰው እጅ ጨብጠዋል። ይህን ሁሉ ሳትፈልግ ትቆጥራለች። ልጇ ሊሊሴ ትኩሳት ቢኖራትስ? አሁን ባይኖራትስ፣ ነገ?

«ሀርሜ፣ ነይ ተቀመጪ» አለች ሊሊሴ የእናቷን እጅ ይዛ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን የአባቷን ያህል የረጋ ነው።

ድርቤ ተቀመጠች። ጥቁር የእጅ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መክፈቻውን ጠቅ አደረገች፤ ዘጋችው። ጠቅ። መልሳ ከፈተችው። ከቀብር ጀምሮ ከእጇ አልለየችውም።

«ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» እያሉ ገቡ አዲስ መጪዎች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።» ሊስሟት ሲያጎነብሱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አንዳንዱ ገባው። አንዳንዱ ተቀየማት።

የሟቹን ነገር የሚያወሩት ሁሉ መጨረሻቸው አንድ ቦታ ላይ ነበር። «ያ ሽክርክሪት ነው የበላው» ይሉ ነበር። «ሊከፍት ብሎ ከሠራተኞች ጋር ሲውል ነው የያዘው። ተዘግቶ ቢቀር ምን ነበረበት?»

*

የድርቤ ባል ዋቅወያ ጨለለቂ ቀበሌ ውስጥ የልጆች መጫወቻ ነበረው፤ እሱና የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ገብረመስቀል በጋራ ያቆሙት። የቀበሌው ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ግን ትልቁን ሽክርክሪት ነው፤ ሃያ አራት ወንበር በሰንሰለት የተንጠለጠለበት። ኮሮና ሲገባ ተዘጋ። ዘጠኝ ወር ሙሉ በሩ ላይ ሰንሰለት ተንጠለጠለ።

ዋቅወያ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳል። ከማሽን ሠራተኛው ከፊራኦል ጋር ጀነሬተሩን አስነሥቶ፣ ባዶውን ሽክርክሪት ግማሽ ሰዓት ያዞረዋል። ካልዞረ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ዝጎ ይነክሳል ይላል። መንገደኛው በአጥሩ ላይ እያየ ይስቅበት ነበር።

«ኦቦ ዋቅወያ፣ ለሰይጣን ነው የምታሽከረክረው?»

«አዎ፣ እሱ እንኳ ተራውን ጠብቆ ነው የሚወጣው። አንተ መቼ ነው የምትማረው?»

ሊከፈት ነው ሲባል ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ። መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም ክቦችን ቀባ፤ ልጅ ሁሉ በየክቡ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅበት። በእግር ሲረግጡት ውሃ የሚያወርድ በርሜል ከነሳሙናው አቆመ፤ እጅ የሚታጠበው የአንድ መዝሙር አዝማች ተዘምሮ እስኪያልቅ ነው። ሽክርክሪቱ በቆመ ቁጥር ፊራኦል ሰንሰለቱንና መያዣውን እንዲወለውል አዘዘው። ወንበሮቹንም አንድ እየዘለለ በቀይ ገመድ አሰራቸው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዳይቀመጥ።

«እናትና ልጅ ቢመጡስ?» አለችው ድርቤ ያኔ። የሚያሰጋ ነገር ልትፈልግ ነበር የሄደችው።

«የአንድ ቤት ሰዎች ከሆኑ ይፈታላቸዋል። አየሽ?» የገመዱን አንድ ጫፍ ሳብ ሲያደርገው ቋጠሮው ተፈታ። ገጠር በልጅነቱ ጥጃ የሚያስርበት ቋጠሮ ነው። «አንድ ቀን አንቺም ትቀመጫለሽ። ከጎንሽ ያለውን እፈታና እኔ እቀመጥበታለሁ።»

«ሰንሰለቱ ቢበጠስስ?»

«ዘጠኝ ዓመት አልተበጠሰም።»

«እኔ ስቀመጥ ነዋ የሚበጠሰው!»

ሳቀ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ እያለች አንድም ቀን አልተቀመጠችም።

*

ከሰዓት በኋላ በርናባስ መጣ። የዋቅወያ ታላቅ ወንድም ነው፤ የእድሩ ሊቀመንበርም እሱ ነው። ወንድሙን ሲያስታምም ከሆስፒታል በር አልተለየም ነበር፤ ፊቱ ከስቷል። ከኮቱ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ለከተማው አስተዳደር ነው» አላት ጎንበስ ብሎ። «መጫወቻው እንዳይከፈት። ወንድሜን በልቷል፤ የሰው ልጅ እስኪበላ አንጠብቅም። ሠላሳ አንድ ሰው ፈርሟል። ያንቺ ፊርማ ካለበት ማንም እምቢ አይልም።»

ድርቤ ወረቀቱን ሳይሆን የድንኳኑን መግቢያ አየች። ገብረመስቀል ከጫፍ ባለች በርጩማ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው። ሻይ የሚያዞሩት ሴቶች እሱ ጋ ሲደርሱ ይመለሳሉ።

«እኔም ልፈርም» አለች ሊሊሴ ከእናቷ ጎን። «አባባን ያ ቦታ ነው የወሰደብኝ። ሁለተኛ አልረግጠውም። ጋሽ ገብረመስቀልንም ዓይኑን ማየት አልፈልግም።»

የቦርሳው መክፈቻ ጠቅ አለ።

«ነገ» አለች ድርቤ። «ነገ እፈርማለሁ፣ ኦቦ በርናባስ። ዛሬ እጄ አይታዘዘኝም።»

እንዳትፈርም የያዛት ግን በርናባስ የመሰለው ሐዘን አልነበረም።

ወደ ቤት ልትገባ ስትነሣ ገብረመስቀልም ተነሣ። ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ።

«አፈር ልሁን፣ እህቴ» አለ። «ሌት ተቀን አሰብኩት። አምስቱም ሠራተኞች ተመርምረዋል፤ አንድም የተገኘበት የለም። እኔም ነጻ ነኝ። ግን እኛ ካልሆንን ከየት መጣ? ምናልባት ሳናውቅ እኛው… ከሆነ ንገሪኝና እኔው እዘጋዋለሁ።»

ድርቤ «ሻይ ጠጣ» ብላው ብቻ ገባች።

*

ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ዛሬ ጠዋት ከሲሬ ተደውሎላት ነበር። «እዚህም ሁለት ሰው ተኝቷል» ብሏት ነበር የአጎቷ ልጅ። «ከአባቴ ቀብር ወዲህ ነው። ለሰው አታውሪ።»

ዋቅወያ ከመታመሙ ከሳምንት በፊት የሲሬው አጎቷ ሞቱ። «አንቺ ሂጂ፣ እኔ በስልክ አጽናናለሁ» አላት ዋቅወያ። «ሰው ይታፈናል እዚያ። ለመክፈቻው አሥራ አምስት ቀን ነው የቀረን፤ ብታመም ማን ይከፍተዋል?»

ድርቤ ሁሉን ትፈራለች፤ ዝናብን፣ ሚኒባስን፣ የልጇን ሳል። ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ግን የዘመድ አፍ ነበር። «ባሏ ንቆን ቀረ ይሉኛል» አለችው። ሌሊቱን ሙሉ ለፈለፈችበት። ሄደ።

ለቅሶ ቤቱ ሲደርሱ ማስኩን አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ፣ ከበሩ ላይ ጎንበስ አለ። አክስቶቿ ተያዩ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ድርቤ ፊቷ ነደደ።

«ዘመዶቼ ፊት አታዋርደኝ» አለችው በጆሮው። «አፉን አፍኖ የሚያለቅስ ሰው የት አይተሃል?»

ከዚያ እጇን አንሥታ ማስኩን ከጆሮው ላይ ራሷ አወረደችው። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ድርቤ» አለ እሱ። ከዚያ ገብቶ ሁሉንም እያቀፈ፣ ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳመ አለቀሰ። ጥሩ አድርጎ አለቀሰ።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ «አሁን ደስ አለሽ?» አላት ፈገግ ብሎ። ደስ ብሏት ነበር።

በስድስተኛው ቀን አተኮሰው። በአሥራ አራተኛው ሞተ።

ብትናገር ሊሊሴ ምን ትላለች? ድርቤ ክፉ ክፉውን ማሰብ ትችልበታለች፤ ይህን ግን እስከ መጨረሻው ለማሰብ ድፍረት አጣች። ልጇ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ይታያታል። ከጀርባዋ ብቻ።

*

ዓርብ የድንኳኑ መጨረሻ ቀን ነበር። ወንጌላዊው ጸሎት ከማድረጉ በፊት በርናባስ ቆሞ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ። «…በዚህ ስፍራ በተያዘ በሽታ ወንድማችን ዋቅወያ ስለተለየን…» እዚህ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ሴቶቹ አለቀሱ። ገብረመስቀል በበርጩማው ላይ አንገቱን ደፋ።

ብዕሩ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ድርቤ ጋ ደረሰ።

ያዘችው። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ነጮቹ ክቦች ታዩአት፤ ዋቅወያ ተንበርክኮ፣ ምላሱን እንደ ተማሪ በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ሲቀባቸው። ማንም ልጅ እንዳይታመም ያን ሁሉ የለፋ ሰው፣ ልጆች ሊያስፈጅ ነበር ተብሎ በስሙ ሊፈረም ነው። በእሷም እጅ።

ብዕሩን አስቀመጠች። ቦርሳዋን ከፈተችና ሁለት ቦታ የታጠፈ ሰማያዊ ማስክ አውጥታ ወረቀቱ ላይ አኖረችው።

«ይህ የእሱ ነው» አለች። «ሲሬ፣ አጎቴ ለቅሶ ላይ፣ ከፊቱ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ። እምቢ ብሎኝ ነበር። አታዋርደኝ አልኩት። እዚያም ሁለት ሰው ታሟል፤ ትናንት ነገሩኝ። መጫወቻው አልገደለውም።»

በርናባስ እንደ ደንቆሮ አያት።

«ምን እያልሽ ነው?»

«የሰሙትን ነው፣ ኦቦ በርናባስ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ዝም ብለሽ…» ወረቀቱን ለማንሣት እጁን ዘረጋ፤ ማስኩን ላለመንካት መልሶ ሰበሰበው። ዞሮ ወጣ።

ሊሊሴም ተነሣች። ድርቤ ቀና ብላ አላየቻትም። የጫማዋን ድምፅ ብቻ ሰማች፣ ወደ ጓዳ፣ ከዚያ በጓሮ በር ወደ ውጭ።

ከዚያ ትናንት ስለ ወንበሩ ያሾፈችባት ጎረቤት ተነሥታ አግዳሚዋን ከሌሎቹ ለማራቅ በእግሯ ገፋ አደረገች። ሌላዋም ገፋች። አንዲት ሴት ሻይ ቀድታ ለገብረመስቀል ወሰደችለት። እሱ ብርጭቆውን ተቀብሎ ሳይጠጣ አለቀሰበት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ፊራኦል በር ላይ ቆሞ ነበር። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ያሻሸዋል።

«አዴ ድርቤ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅዳሜ ነው። ላዙረው ወይስ ሐዘኑ እስኪያልቅ ይቁም? ኩሽኔታው…»

«ይነክሳል» አለች ድርቤ። ነጠላዋን ደረበች። «አብሬህ እሄዳለሁ።»

ሊሊሴ ከትናንት ወዲህ አላናገረቻትም። ግን ተከተለቻቸው፤ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ። ድርቤ ሁለቴ ዞር ብላ አየች፤ እንዳትመለስ ፈርታ።

ክቦቹ ላይ ቅጠል ረግፎባቸዋል። ድርቤ በርሜሉን ረግጣ እጇን ታጠበች፤ አዝማቹን በከንፈሯ ብቻ አለች። ከዚያ ሄዳ ከአንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰንሰለቱ ሲጥጥ አለ። መያዣውን ጨበጠች። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም።

ሊሊሴ ከአንዱ ክብ ውስጥ ቆማ ታያታለች። አባቷ በቀባው ክብ ውስጥ፣ ልክ መሐሉ ላይ። ከዚያ ቀስ ብላ መጣች። ከእናቷ በስተግራ ያለውን ወንበር ገመድ አንድ ጫፉን ይዛ ሳበችው። ተፈታ። ተቀመጠች። ወደ እናቷ አልዞረችም፤ ጉልበቷ ግን ከእናቷ ጉልበት ጋር ተነካካ።

ፊራኦል ከልማዱ በስተቀኝ ወዳለው ወንበር ሄደ። «የአንድ ቤት ሰው…» ብሎ ገመዱን ያዘ። ከዚያ የሚቀመጥበት እንደሌለ ትዝ አለው። እጁ እዚያው ቀረ።

«ተወው» አለች ድርቤ። «ገመዱን ስጠኝ።»

ገመዱ ላልቶ ነበር። አጠበቀችው። በአንድ ስበት እንዳይፈታም ጫፉን መልሳ በቋጠሮው ውስጥ አሳለፈችው።

«አሁን አዙረው» አለችው።