የኖርበርቶ ባዶ ቀፎ

ባሌ ኖርበርቶ የፖንሴ ከተማ የኮራል አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። አባላቱ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው፤ እሱ ግን አገር የሚመራ ነው የሚመስለው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው፤ ያለ ጥሩ መብራት ደግሞ ይሞታል። ኖርበርቶ ይህንን በየስብሰባው ሲሰብክ ኖሯል። «ጥሩ መብራት መግዛት ያቃተው ወርቃማ ዓሣ ያርባ!» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ነገሩን የሚወረውረው ወደ አንዷ አባል፣ ወደ ዶኛ ኔሬይዳ ነበር። እሳቸው ሠላሳ ዓመት የቤት ኤሌክትሪክ ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከሚስማርና ከቀለም ሱቅ አንድ ነጭ፣ አንድ ሰማያዊ ፓውዛ ገዝተው ከመስታወት ገንዳቸው፣ ከአኳሪየማቸው በላይ ሰቅለዋል። ኮራሎቻቸው ሲያምሩ ማየት ነው! ኖርበርቶ ግን «የኳስ ሜዳ መብራት» እያለ ይሳለቅባቸዋል።

በግንቦት የኛ አሮጌ መብራት ተቃጠለ። የኖርበርቶ አፍ መቼ ያርፋል? «ጀርመን ሠራሹን አዝዣለሁ፤ እሑድ መጥታችሁ ታያላችሁ» ብሎ ለማኅበሩ ሁሉ አወጀ። አላዘዘም። ዋጋውን ያየ ቀን ራሱን ይዞ አልጋ ላይ ነው የተጋደመው።

«ታዲያ ለምን ትዋሻለህ?» አልኩት።

«ከአፌ አመለጠኝ፣ ዞራይዳ።»

«እንግዲያው አፍህ ይግዛው!»

ካጉዋስ ከተማ ከሚኖር ሰው፣ ውስጡ የተቃጠለ የዚያኑ የጀርመን መብራት ባዶ ቀፎ በርካሽ አገኘ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ዶኛ ኔሬይዳ ቤት ሄደ፤ እኔም ይህ እንዳያመልጠኝ ተከተልኩት።

«እባክዎ፣ የእርስዎን ዓይነት ፓውዛ እዚህ ውስጥ ይግጠሙልኝ። ማንም እንዳይሰማ።»

ይስቁበታል ብዬ ስጠብቅ ምንም አልመሰላቸውም። ቀፎውን አገላብጠው አዩና ካቻቢቴያቸውን አነሡ። «መብራቱን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አይነካም። ድምፅ ካላሰማ ሰው ይጠረጥራል» አሉ።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም መጡ። የጠበስኩት ሳምቡሳ መሰል የሸርጣን ፓስቴሊዮ ሳይቀዘቅዝ ማድነቁ ተጀመረ። አረንጓዴውም ሐምራዊውም ኮራል ያበራል።

«መብራት ማለት ይሄ ነው!» አለ የማኅበሩ ጸሐፊ ዶን ኤሊዮ። «ጀርመን ጀርመን ነው!»

ኖርበርቶ ፈገግ አለ፤ ላቡ ግን በአንገቱ ይወርዳል። ዶኛ ኔሬይዳ ፓስቴሊዮ ያላምጣሉ።

ማኅበሩ ከገባች ሁለት ወር ያልሞላት ያሬሊስ ከኋላ ቀረብ አለች። በእጇ ውሃ የተሞላ ዕቃ ይዛለች፤ ውስጡ አንዲት ብርቱካናማ ኮራል አለች።

«ሊቀመንበር፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባጠራቅም ይህንን መብራት አልገዛም። እኔ ጋ ከምትሞት እርስዎ ጋ ትኑር። እኔም ማኅበሩን መልቀቄ ነው።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ኖርበርቶ እኔን አየኝ። ይህን ሰው ሃያ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ስሙን ከነፍሱ አብልጦ ይወዳል። ዕቃውን ተቀብሎ ቢያመሰግናት ማንም አይነቃበትም። ይቀበላታል ብዬ ፈራሁ።

አልተቀበላትም። ወንበር ላይ ወጣ፣ መብራቱን አጠፋ፣ የቀፎውን ክዳን ፈትቶ ከፈተው።

«ፓውዛ ነው» አለ። «ሁለት የሚስማር ሱቅ ፓውዛ። የሠሩልኝ ዶኛ ኔሬይዳ ናቸው። ዋሽቻችሁ ነበር።»

እኔ በኩራት ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። የሚስቅበት ካለ በትሪው እለዋለሁ ብዬ ዞር ስል የሚስቅ የለም። አንዱ ጣሪያውን ያያል፤ ሌላዋ ቦርሳዋን ትበረብራለች። ዶን ኤሊዮ ዓይኑን ከጫማው ላይ ሳያነሣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ዶኛ ኔሬይዳ... ለሱም እንደኔ ማራገቢያውን ተዉለት እንዴ?»

«ለሰባታችሁም ትቻለሁ» አሉ ዶኛ ኔሬይዳ።

«ሰባት?!» አለ ኖርበርቶ ወንበሩ ላይ እንደቆመ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል! ሳቁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ ያሬሊስም እንባዋን ሳትጠርግ ትስቃለች።

ዶኛ ኔሬይዳ እጃቸውን ጠርገው ተነሡና የያሬሊስን ዕቃ ወደ ደረቷ ገፋ አድርገው አስታቀፏት።

«ቅዳሜ ነይ ልጄ፣ እሠራልሻለሁ። አንቺ ቀፎ አያስፈልግሽም።»