ልደታ ላይ የቆመው ሳጥን

ወልደጻድቅን በሽታው የመታው በመስከረም ነው። ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ሐኪም ቤት ከርሞ ዳነ ተባለ። አፉ ትንሽ ተንጋደደ እንጂ ንግግሩ አልጠፋም፣ እግሩም በከዘራ እየተጎተተም ቢሆን ተመለሰ። ያልተመለሰው ቀኝ እጁ ነው። በድሬ ምድር ባቡር ጋራዥ የፉርጎ ወንበርና መስኮት ሲያበጅ፣ በኋላም በግሉ የከዚራ ሰፈርን ሰው በርና ቁምሳጥን ሲሠራ የኖረ እጅ፣ አሁን ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል። አንድ እንግዳ ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላል።

ሚስቱ የሺአረግ አላለቀሰችም። ጎረቤት መጥቶ "አይዞሽ" ሲላት "እሺ" ትላለች። እህቷ በስልክ ስታለቅስባት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ እስክትጨርስ ትጠብቃለች። ባሏን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ሽሮውን ትሠራለች። ውስጧን ብትፈትሸው ግን ምንም የለም፤ ዕቃው ወጥቶ እንደተጠረገ ክፍል ነው። አንዳንዴ መሀል ግቢ ትቆምና "ምን ሆኜ ነው?" ትላለች፤ መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሆስፒታል እጁን የምታሠራው ልጅ ሲሃም ትባላለች። የድሬ ልጅ ናት፣ አፏ አያርፍም። አንድ ቀን ለስላሳ ኳስ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"አንተ አባቢ፣ በል ይሄን ጨብጥልኝ።"

ወልደጻድቅ ኳሱን በግራ እጁ አነሳና በመስኮት ወረወረው።

"ልጅ ነኝ እንዴ ኳስ የምትሰጪኝ?"

"አቦ፣ ልጅማ ብትሆን ትታዘዘኝ ነበር!" ብላ ሳቀችና የሺአረግን ወደ በረንዳ አወጣቻት። እዚያ አልሳቀችም። "የሺዬ፣ ሥራ የፈታ እጅ ይደርቃል። በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር ይሥራበት። ይክፈት፣ ይዝጋ፣ ያንሳ። ደህናው እጁ እየቀደመ ስለሚሠራለት ነው ይሄኛው የሰነፈው። ደህናውን ለጥቂት ሰዓት እሰሪውና በዚህ ይታገል። እስከ ገና ጣቶቹ ካልመጡ ከዚያ ወዲያ ከባድ ነው።"

"ከባድ ማለት?"

"በዚያው ይቀራል ማለት ነው።"

"እሺ" አለች የሺአረግ።

በባጃጅ ሲመለሱ የሺአረግ መክፈትና መዝጋት የሚለውን ስታመላልስ የድሮ ነገር ትዝ አላት። በልጅነቷ ከዚራ፣ ፈረንጆች ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ሴትየዋ ግድግዳው ላይ የእንጨት ሳጥን ትሰቅላለች። የሳጥኑ ፊት በሙሉ ትንንሽ በር ነው፣ ከየበሩ ኋላ ጣፋጭ ነገር ተቀምጧል። ልጆቹ በቀን አንድ በር ይከፍታሉ፣ የመጨረሻው በር ሲከፈት በዓሉ ነው። ቀድሞ መክፈት የለም። ቢያለቅሱም የለም። የሺአረግ ያኔ ከዚያ ቤት ሁሉ የወደደችው ይህንን ደንብ ነበር።

በማግስቱ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግራ መጋላ ሰፈር ገባች፣ ወደ ዐብዱላሂ አናጢ። ዐብዱላሂ ሙያውን የተማረው ከወልደጻድቅ ነው። ዛሬ የራሱ ቤትና የራሱ ሠራተኞች አሉት።

"ቁርጥራጭ እንጨት ስጠኝ። ኮላም።"

"ለምን ልታደርጊው?"

ነገረችው። ዐብዱላሂ መጋዙን አስቀምጦ አያት።

"ያ ጀማአ! አንዴ ብቻ ተከፍቶ የሚያበቃ በር? የአይጥ ሆቴል ነው የምትሠሪው?"

"አንተን ምን ጨነቀህ?"

"ወላሂ እኔ ልሥራልሽ። ነገ ማታ መጥተሽ ውሰጂ፣ ሰው ሁሉ የት ገዛሽው እስኪልሽ አሳምሬ…"

"አልፈልግም።"

"መጋዝ ይዘሽ ታውቂያለሽ?"

"እሱ ዕድሜ ልኩን ሲይዝ አይቻለሁ።"

"እኔም ሐኪም ሲወጋ አይቻለሁ፣ ማንንም ግን አልወጋሁም!"

"ትሰጠኛለህ ወይስ ሌላ ቤት ልሂድ?"

ሰጣት። የሺአረግ አንዴ ካለች አለች ነው፣ መጋላም ከዚራም ያውቃታል። በገዛ እጇ ልሥራው ያለችበትን ምክንያት ግን ብትጠየቅ አታውቀውም ነበር። እጇ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ይሆናል።

ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሠራችው። ወልደጻድቅ ከበራፉ አጠገብ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያታል። በሲባጎ ለካች፣ መጋዙ እየተያዘባት ጠማማ አድርጋ ቆረጠች፣ ሚስማር አጣመመች። ለማጠፊያ የባጃጅ ከመነዳሪ በመቀስ ቆርጣ በኮላ ለጠፈች። ለእጀታ ከአሮጌ ካፖርት ቁልፍ እየፈታች በትንሽ ሚስማር መታች። ወልደጻድቅ አንድ ጊዜ አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ወዲያ ወደ ዛፉ ዞሮ ቁራ ሲቆጥር ዋለ።

ቁጥር አልጻፈችበትም። ቀንን በቁጥር አታውቀውም። ሦስተኛ ክፍል ባደረሳት ጽሕፈት ልደታ፣ በዓታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል እያለች በየበሩ ላይ ጻፈች። የማን እንደሆነ የማታውቀውን ቀን መስቀል ብቻ አደረገችበት። ትልቁን በር መጨረሻ ላይ አድርጋ ገና አለችው። ጾም ስለሆነ ለየቀኑ አንዳንድ ተምር ከኋላ በኩል ከተተችና ጀርባውን በኮምፔንሳቶ መታችው። በሮቹን ግን አልሞከረቻቸውም። ቀድሞ መክፈት የለም።

ታኅሣሥ ሲገባ፣ በልደታ ጠዋት፣ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ጠረጴዛውን ከባሏ ወንበር ጋር አስጠጋችው። ነጠላዋን አውልቃ ግራ እጁን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር መጠቅለል ጀመረች።

"ምን ልታደርጊኝ ነው?"

"ሲሃም ያለችውን። እጅህ እስከ ገና ካልመጣ በዚያው ይቀራል ብላለች።"

"ሲሃም እሰሪው አለች? ፍየል ነኝ?"

"ፍየልማ ብትሆን ሸጬህ አርፍ ነበር። በል ልደታን ክፈት።"

ሳይፈልግ ሞከረ። ትከሻው ተነሳ፣ ክንዱ ከትከሻው ጋር ተጎትቶ መጣ፣ ጣቶቹ በሩን መትተው ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። እንደገና ሞከረ። ኳ አለ በሩ። እንደገና። የሺአረግ አጠገቡ ቆማ ምስር ትለቅማለች። ፀሐይዋ ከደጃፉ እስክትርቅ ቆይታ ፈታችው።

"ነገ" አለች።

"ነገስ ሌላ በር አይደለም?"

"ልደታ ሳይከፈት ሌላ በር የለም።"

ነገም ልደታ ሆነ። ከነገ ወዲያም። በዓታ ሆና የሰፈሩ ሴቶች ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚያ ሳጥን ላይ ልደታ ነበር። አቦ አለፈ፣ ሚካኤል አለፈ፣ የሺአረግ ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን ትጠቀልላለች፣ ወልደጻድቅ በሩን ያንኳኳል። ጉንዳን ተምሩን አሽትቶ በየስንጥቁ ተሰልፎ ገባ። ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ስትጠርገው በሌላ በኩል ይመጣል። ጎረቤት በአጥር አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። "በሽተኛ ሰው ታስራለች" መባሏን ሰማች። ያናድደኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላናደዳትም። ገና እየቀረበ መሆኑን ታውቃለች፣ ሲሃም ያለችውንም ታውቃለች፣ ሁለቱንም የምታውቀው ግን የሰው ወሬ እንደሚታወቅ ሆኖ ነው።

ገብርኤል ደረሰ። ከተማው ከዋዜማው ጀምሮ በቁልቢ ተሳላሚ ተሞልቶ ወደ ደንገጎ ዳገት የሚወጣው መኪና ጥሩምባ አላቋረጠም። የሰፈሩ ሴቶች "ነይ እንሂድ፣ ተሳይለት" ቢሏት "እጁን ማን ያሠራዋል?" ብላ ቀረች።

ረፋድ ላይ ዐብዱላሂ በፌስታል ሙዝ ይዞ "እንኳን አደረሳችሁ" እያለ ገባ። አለቃው በነጠላ ከወንበር ጋር ታስሮ፣ ያቺ ጠማማ ሳጥን ፊቱ ተገትራ ሲያይ ሳቁ መጣ።

"ያ አለቃ! ማነው ያሰረህ፣ ፖሊስ?"

"ከፖሊስ የባሰች" አለ ወልደጻድቅ።

"ይቺ ናታ ሆቴሏ!" ዐብዱላሂ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለ። "እንግዶቹም ገብተዋል፣ ጉንዳን በጉንዳን ነው። የቱ ጋ ደረሳችሁ?"

"ልደታ" አለች የሺአረግ።

"ዛሬ ገብርኤል አይደለም እንዴ?"

"ልደታ ሳይከፈት አይታለፍም።"

"አይ አንቺ ሴትዮ!" ብሎ በጨዋታ የልደታን ቁልፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረገ። በሩ አልመጣም። ጠንከር አድርጎ ሳበ። ሳጥኑ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ እንጂ በሩ ንቅንቅ አላለም። ሳቁ ቀረ። ጥፍሩን በጠርዙ ሊያስገባ ሞከረ፣ ዓይኑን አስጠግቶ አየ።

"የሺ፣ ይሄ በር አይከፈትም።"

"አንተም አቃተህ?"

"ለማንም አይከፈትም። ኮላው ወደ ውስጥ ፈስሶ ጠርዙን ዞሮ ይዞታል። በር አይደለም ይሄ፣ ከሳጥኑ ጋር አንድ እንጨት ሆኗል።"

የሺአረግ ምስሩን አስቀምጣ መጣች። በሁለት እጇ ሳበችው። ቁልፉ ተነቅሎ እጇ ውስጥ ቀረ። ከወሩ መባቻ ጀምሮ ያ ሰው ሲያንኳኳ የከረመው ግድግዳ ነው።

ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ዛፉን ያያል።

"አንተ አናጢ ነህ።"

"ነበርኩ።"

"መጣበቁን አላወቅክም?"

"አውቄያለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ስትሠሪው። ኮላው ሲፈስ አይቼዋለሁ።"

ዐብዱላሂ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። "አቦ፣ እኔ ደንበኛ አስቀምጬ ነው የመጣሁት" ብሎ ሙዙን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ደጅ ላይ ባጃጅ ሲጠራ ድምፁ ተሰማ።

የሺአረግ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቁጣ ፈለገች፣ አላገኘችም።

"ለምን አልነገርከኝም?"

ወልደጻድቅ ከዛፉ ዞሮ ቀኝ እጁን አየ።

"እምቢ ያለው በሩ ከሆነ እጄ አይደለማ።"

መንገዱ ላይ የቁልቢ ተሳላሚዎችን የጫነ መኪና እልልታውን እያሰማ አለፈ። የሺአረግ ያን ጊዜ ሳጥኑን አንስታ ጓዳ ብትወረውረው ማንም ምን አደረግሽ አይላትም ነበር። በሩ ነው ብለው ገናን ይውሉ ነበር፣ ጥምቀትንም ይውሉ ነበር። እሷ ግን እንዲያ ያለ ነገር አይሆንላትም። ከልደታ ቀጥሎ ያለውን፣ መስቀል ብቻ ያለበትን በር፣ በአንድ ጣቷ ሳብ አደረገችው። ያለ ድምፅ ተከፈተ። ተምሩ ውስጡ ቁጭ ብሏል። መልሳ ዘጋችው።

"ይሄኛው ይከፈታል" አለች።

ወልደጻድቅ በሩን አየው። ምን እንደምትለው ገብቶታል።

"ግራውን አጥብቂው" አለ።

አጠበቀችው። ትከሻው ተነሳ። ክንዱ እንደ ከረጢት ተጎትቶ ወደ ሳጥኑ ሄደ። በፊት ይመታና ይወድቅ ነበር፣ አሁን ግን ቀስ ብሎ ወሰደው፣ ጣቶቹን ቁልፉ ላይ አሳረፋቸው። እዚያው ቆዩ። የአንገቱ ጅማት ተገተረ፣ ግንባሩ አላበው፣ ጠማማው አፉ ይበልጥ ጠመመ። ጣቶቹ ቁልፉ ላይ ተኝተዋል። አልታጠፉም። የሺአረግ ምስሩን አልነካችም፤ ጣቶቹን ብቻ ታያለች። አንዲት ጉንዳን በቁልፉ በኩል መጥታ ሌባ ጣቱ ላይ ወጣች፣ ጥፍሩን አቋርጣ በሌላ በኩል ወረደች። ጣቱ አላወቀም።

እሱ ሲሞክር፣ እሷ ስታይ፣ ቀኑ ተጋመሰ።

"ይሄኛው በር ደህና ነው" አለ በመጨረሻ።

"ደህና ነው" አለች።

ግራ እጁን ፈታችው። ነጠላው የጠቀለለበት ቦታ ቀልቶ ነበር፣ አሸችው። ሙዝ ልጣ ሰጠችው፣ በላ። እሷም በላች። ስለ ገና፣ ሲሃም ስላለችው የሚባል ነገር ቢኖር አሁን ነበር የሚባለው፤ ግን ሁለቱም ያውቁታል። የሺአረግ ልቅሶው አሁን ይመጣ ይሆናል ብላ ትንሽ ጠበቀች። ሳይመጣ ሲቀር ልጣጩን ሰብስባ ተነሳች።

"መሮዬን አምጪ" አለ ወልደጻድቅ።

"የቱን?"

"ጠባቡን።"

ከመስከረም ወዲህ ያልተከፈተውን የሥራ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትታ መሮውን አመጣች። በግራ እጁ ተቀበላት። ቢይዘው አልተመቸውም፣ አዙሮ ያዘው፣ እሱም አልሆነም። እንደ ማንኪያ አድርጎ ጨበጠውና የልደታን በር ጠርዝ፣ ኮላው ያለበትን መስመር፣ ይቦረቡረው ጀመር። መሮው አዳልጦ የበሩን ፊት ሸረከተው።

"እዪው" አለ። "አንቺ የሠራሽው መሰለ።"

"የኔ እንኳ አልተሸረከተም።"

እንደገና ገፋ። ሳጥኑ ከፊቱ ሸሸ። በቀኝ እጁ ሊይዘው ትከሻው ብድግ አለ፣ እጁ ግን ጭኑ ላይ ቀረ።

"ያዢው እንጂ! ምን ትገተሪያለሽ?"

ተንበረከከችና ሳጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ ከጠረጴዛው ጋር አጣበቀችው። መሮው ኮላው ውስጥ ገባ። ትንሽ ነጭ ፍቅፋቂ ወደቀ። በእንጨቱ በኩል የመሮው መንቀጥቀጥ መዳፏ ድረስ መጣ። ወልደጻድቅ አቆመ። የመሮው ስለት የሺአረግ አውራ ጣት ካለበት ትይዩ ነው።

"ጣትሽን አንሺ።"

"ሳጥኑ ይሸሻል።"

"ግራ እጅ እኮ ነው የሺ። አላምነውም።"

"አትሳት፣ አለቀ" አለችው፣ ጣቷን ሳታነሳ።

ወልደጻድቅ አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ገፋው።