ሃያ ሦስት እሺ

አስተርጓሚዋ ደክሟታል። ድካም ስላችሁ ደግሞ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አይደለም፤ በቃ አጥንት ውስጥ ገብቶ ቤት የሠራ ድካም! ሁለት ዓመት ሙሉ በሁለት ቋንቋ መሃል ስትመላለስ ከርማ፣ እናቷ «ራት ላቅርብ?» ስትላት እንኳን መጀመሪያ በሆዷ ተርጉማ ነው የምትመልሰው። ወይኔ፣ ስታሳዝን!

ከውጭ የመጡት ሰዎች የባቡር ሃዲድ እየሠሩ ነው። ሃዲዱ ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆታል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከሃዲዱ ወዲህ፣ ደንበኞቿ በሙሉ ከሃዲዱ ወዲያ። እስካሁን ሰው በአንዲት ክፍት ቦታ ይሻገራል። የዛሬው ስብሰባ ከተስማማ ግን ክፍቷ ቦታም ሰኞ በሽቦ አጥር ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዚፕ ብሎ አርባ ደቂቃ የሚዞር ማን እብድ አለ?

ስብሰባው ኮንቴይነር ቢሮ ውስጥ ነው። ቬንቲሌተሩ ይንቋቋል እንጂ አየር የሚባል ነገር አይሰጥም። መሃንዲሱን ሰፈሩ «ሜትሮ» ነው የሚለው፤ ሻይ እንኳን ሳይለካ አይጠጣም ብለው። እሱም ቢሆን ዓይኑ ደም መስሏል፣ ምስኪን።

ሜትሮ በቋንቋው ተናገረ፤ እሷ ተረጎመች። «መሻገሪያዋ ሰኞ ትዘጋለች። ማለፊያው ታች ድልድዩ ጋ ነው።»

ተሰብስበው የተቀመጡት ጎረቤቶች ተያዩ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ «እሺ» አሉ።

እናቷም ጭምር! ጉልበቷን እያሻሸች፣ ለስለስ አድርጋ «እሺ።»

ሜትሮ እስክሪብቶውን አነሳ። ያኔ ነው አስተርጓሚዋ ክው ያለችው። ይሄ እሺ እኮ የእውነት እሺ አይደለም! እናቷ «ለጉልበትሽ ሐኪም ጋ እንሂድ» ስትባል የምትለው እሺ ነው፦ ሰምቻለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ፣ አልሄድም። እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ «ተስማምተዋል» እያለች ስትተረጉመው ኖራለች!

«ቆይ» አለችው በቋንቋው። «አልተስማሙም። ሰምተናል ነው ያሉት።»

ሜትሮ ወፍራሙን ቃለ ጉባኤ ከፈተና ጣቱን እያስኬደ ቆጠረ። «ሃያ ሦስት ጊዜ ተስማምተዋል ብለሽኛል።»

«ሃያ ሦስቱንም ጊዜ ተሳስቻለሁ።»

«ምን እያላችሁ ነው?» አለች እናቷ።

«ሃያ ሦስት ጊዜ እሺ ብላችኋል ነው የሚለው። እማ፣ መሻገሪያው እንዲዘጋ ትፈልጊያለሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? በየትኛው እግሬ ልዞር?»

«ታዲያ ለምንድነው እሺ የምትይው!»

«እንዴ! እንግዳ ሰው ፊት ለፊት እምቢ ይባላል? ይገባዋል ብለን ነዋ።»

«እኔማ» አለ የሱቋ ጎረቤት በያጁ፣ «ሃያ ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ፤ በእሺ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አቅም የላትም። ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳችው፤ ጉልበቱንም፣ ዚፑንም። መጨረሻ ላይ ከራሷ ጨመረች፦ «ለእግረኛ አንድ በር ብቻ ተውልን።»

ሜትሮ ዓይኑን አሸ። ፕላኑን የሳሉት እሱ አገር ያሉ፣ ይቺን ሰፈር በዓይናቸው አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ቃለ ጉባኤውን ዘጋው። ከዚያ በቋንቋው አንዲት አጭር ቃል ተናግሮ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

ቃሏን ታውቃታለች። አለቃው ከሩቅ ደውሎ «በዚህ ወር ጨርስ» ሲለው፣ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት የሚላት ቃል ናት። ከዚያ ይተነፍስና ምንም አያደርግም።

«ምን አለ? ምን አለ?» አሉ ጎረቤቶቹ።

«እሺ አለ።»

ጭብጨባው ኮንቴይነሩን አናጋው። እናቷ ብቻ አላጨበጨበችም። ልጇን ትኩር ብላ አየቻትና ጠጋ አለቻት።

«የእኛን እሺ ነው የእነሱን?»

«የእኛን፣ እማ።»

እናቷ ጉልበቷን ይዛ፣ እህህ ብላ ተነሳች። «በይ ነይ። የሰዉን ልብስ ሳይዘጋብን ወዲያ ማዶ እናድርስ።»