የልኳንዳ ሙግት

ወልደአማኑኤል ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሰው ሳይጣላ የዋለበት ቀን ቢኖር የታመመበት ብቻ ነው። የሰሞኑ ጠበኛው ሰንበታ ነበር፤ አዳማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አብሮት ያስተማረው፣ ባለፈው ክረምት እግሩ ሲሰበር በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ያመላለሰው ሰንበታ። የጠቡ መነሻ ርስት አይደለም፤ «ልኳንዳ» የሚለው ቃል ከየት መጣ ነው።

«የጣሊያን ነው» ብሎ ነበር ሰንበታ።

«ሥጋ ስለሚለካበት ነው ልኳንዳ የተባለው! ‹ለካ› ከሚለው የወጣ የራሳችን ቃል! አንተ መቼም የእኛን ሁሉ ለፈረንጅ ካላስረከብክ አትተኛም!»

ሰንበታ ከት ብሎ ሳቀ፤ ወልደአማኑኤል ነደደ። በማግስቱ ዘጠኝ ገጽ ጻፈ። የሰንበታን ስም ከነአባቱ ጠርቶ፣ «የተማረ ደንቆሮ» ብሎ ደመደመ። ሲነጋ መናኸሪያ ወርዶ አዲስ አበባ ላለ መጽሔት እንዲያደርስለት ፖስታውን ለሚኒባስ ሹፌሩ ለመሐመድዘይን ሰጠ። መጽሔቱ ማተሚያ ቤት የሚገባው በነጋታው ነው። ከዚያ ልቡ ሞቅ ብሎት ግማሽ ኪሎ ሊገዛ ሥጋ ሻጩ ኑሬ ዘንድ ጎራ አለ፤ ድሉንም አወራለት።

ኑሬ ቢላውን እየሳለ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ እኔ ካይሮ ሳለሁ ስምንት ወር የተኛሁት ሎካንዳ ውስጥ ነው።»

«ሥጋ መሃል?»

«ኧረ አልጋ ላይ! እዚያ ርካሽ ሆቴል ማለት ነው። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ቱርክ ደግሞ ሎካንታ የሚለው ምግብ ቤቱን ነበር። ሁለቱም ቃሉን ከጣሊያን አመጣነው ነው የሚሉት።»

ወልደአማኑኤል ሥጋውን ትቶ ቤቱ ሮጠ። አሮጌውን የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ገለጠ፤ ሎካንዳ፣ የእንግዳ ማደሪያ። መሳሳቱን እንኳ ይችለዋል። ግን ሰንበታ ያንን ስድብ በማተሚያ ቀለም ያነበዋል! መጽሔቱን ‹ተሳስቻለሁ› ከማለት ፖስታውን ከመንገድ ማስመለስ ይሻላል ብሎ ሹፌሩ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። ደገመ፤ ዝግ። መናኸሪያ ሄዶ ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ፀሐይ ላይ ተገተረ።

መሐመድዘይን ገና ከመውረዱ ተቆጣ። «ጋሼ፣ ምን ዓይነት አላላክ ነው? ሰው ፖስታ ሲልክ የሹፌሩን ስልክና ታርጋ ለተቀባዩ ይነግራል። ቃሊቲ ላይ ማን መጥቶ ይቀበለኝ? የእኔም ስልክ ባትሪ ጨረሰ። ይኸው፣ እንዳለ መለስኩት!»

ወልደአማኑኤል ጠዋት በንዴት ጦፎ፣ ተቀባይ እንዲልኩ ለመጽሔቱ መደወሉን ጭራሽ ረስቶት ኖሯል። ፖስታው እንደታሸገ ነው። ሹፌሩን አቅፎ ሁለት ጉንጩን ሳመው፤ ከዚያ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ስልኩንም አወጣ።

«ሰንበታ፣ አካም ጅርታ?»

«ምነው ዛሬ በኦሮምኛ? ምን አጠፋህ?»

«ልኳንዳ የጣሊያን ነው።»

«ታመሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ጽፌብህ ነበር፣ ስምህን ጠርቼ፣ ‹የተማረ ደንቆሮ› ብዬ። አልደረሰም፤ እጄ ላይ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ስንት ገጽ?»

«ዘጠኝ።»

«ለእኔ ዘጠኝ ገጽ!» አለ ሰንበታ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረ። «በል አምጣና አንብብልኝ። ፊደል ከሳትክ ግን በቀይ ነው የማርምህ።»

ወልደአማኑኤል እየሳቀ ባጃጅ ጠራ።