ጨው እግር የለውም

የጠላት መርከቦች ታዩ ተብሎ ደወል ሲደወል፣ የግንቡ ሹም ሪዮክ ወደ ጨው ረግረጉ መልእክተኛ ላከ። ጨዉ በሙሉ ወደ ከተማው ይግባ፤ ጨው ሠሪዎቹ ግን ቦታ ስለሌለ ውጭ ይቆዩ አለ። ለከተማው አሳማዎች ግን ቦታ ነበር። ባለፈው ወረራም እንዲሁ ተደርጎ ነው ጨው ሠሪዋ አዜኖር ባሏን የቀበረችው። አሁን ደግሞ የሴት ልጇ የኖልዌን መውለጃ ደርሷል።

አዜኖር አላለቀሰችም። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ አርባ ሴቶች ሰበሰበች። እንደ ወትሮው በባዶ እግራቸው፣ ጨው የሞላ የእንጨት ገበታ በራሳቸው ተሸክመው ተነሡ፤ የቀረው የረግረጉ ሰውም ከኋላ ተከተላቸው። የሞላ ገበታ ያለ አሸካሚ አይነሣም፤ ያለ አውራጅም አይወርድም። ሪዮክ የመሀል አገር ሰው ነውና ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

አርባዎቹ ሴቶች ከግንቡ በር ሲደርሱ አዜኖር ደፉ ላይ ቀጥ አለች። የተከተሏትም ቆሙ። በሩ በሴትና በጨው ታጨቀ።

ሪዮክ እያለከለከ ወረደ። «ምን ይገትርሻል? ጨዉን አውርጂና ውጪ።»

«ብቻዬን አይወርድልኝም ጌታዬ። አውራጆቻችንን ውጭ አስቀርተዋቸዋል።»

ወታደሮቹ እንዲያወርዱ አዘዘ። አንደኛው እጁን ሲዘረጋ አዜኖር አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ ሁለት እፍኝ የሚሆን ጨው ጭቃው ላይ ፈሰሰ። ከኋላዋም ገበታዎቹ ሁሉ ዘንበል አሉ። የከተማው የክረምት ሥጋና ዓሣ ሲበሰብስ ለሪዮክ ታየውና ወታደሩን መለሰው። የምፈልገው ጨዉን ብቻ ነው ብሎ ለመናት፤ ሹም ሲለምን ደግሞ አያምርበትም።

«ጨው እግር የለውም» አለችው። «እዚህ የደረሰው በእኛ እግር ነው። ወይ ሁላችንም እንገባለን፣ ወይ ጨዉም ጭቃ ላይ ይቀራል።»

ደወሉ ደገመ። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ሸራዎቹም ቀርበዋል።

«አውራጆቹን ጥሩ» አለ ሪዮክ፣ ፊቱን አዙሮ።

ሽማግሌውም ሕፃኑም አውራጅ ነኝ እያለ በሴቶቹ መሀል እየተሽሎከለከ ገባ። ኖልዌን ሆዷን ደግፋ አለፈች። ሴቶቹም ተከታትለው ገቡ። የአዜኖር አንገት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሆኖም የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ከደፉ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ገባች፤ በሩም ተዘጋ።

ግቢው ውስጥ ሁሉም እየተጋገዘ ገበታውን አወረደ። አዜኖር ብቻ እንደተሸከመች ሪዮክ ፊት ቆመች።

«የአንቺስ አውራጅ የታለ?» አላት።

«ባሌ ነበር። ባለፈው በሩ ሲዘጋ ውጭ ቀረ» አለች። «በል፣ አንተ አውርድልኝ።»

ወታደሮቹ እያዩት ሪዮክ እጁን ዘረጋ። ክብደቱ ጉልበቱን አጠፈው።